ምዕራፍ ሰባት፦ ድስቱ ውስጥ የቀረው ውሃ

በስሪላንካ የኪሪ ቶፊ አሠራር ሲነገር ደቂቃ አይጠራም። አንድ ጣሳ ኮንደንስድ ሚልክ፣ በክብደቱ ልክ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፣ ጥቂት የገበታ ቅቤ፣ የተከተፈ ካሹ፣ መጨረሻ ላይ ቫኒላ ወይም የተወቀጠ ሄል። ወፍራም ድስት ይጣዳል፣ እሳቱ መጠነኛ ይሆናል፣ እጅ ከማማሰያው አይለይም። እስከ መቼ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ሰዓት አይደለም፤ ከድስቱ ጎን መላቀቅ ሲጀምር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጠብ ያለው ተሰብስቦ ሲድበለበል ነው ይባላል። ከዚያ ቅቤ የተቀባ ትሪ ላይ ይገለበጣል፤ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ በቢላ ይቆራረጣል።

በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 5 እና 6 ግድም የሲንሃላና የታሚል አዲስ ዓመት ሲከበር፣ ኮኪስና ካውም ከሚባሉት የዘይት ጥብሶች ጎን ይህ ቶፊ ገበታ ላይ ይቀርባል። ለፈረንጆች ገናም ይሠራል። ሲነክሱት መጀመሪያ ጠንከር ይላል፣ ወዲያው አፍ ውስጥ ፍርስርስ ብሎ ይሟሟል። ቶሎ የወረደ እንደሆነ ግን በማንኪያ የሚዛቅ ለጥ ያለ ነገር ሆኖ ይቀራል። የዘገየ እንደሆነ ጥርስ ይፈትናል። ወተቱ ያው፣ ስኳሩ ያው፣ ድስቱም ያው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ደቂቃ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ጥቂት ግራም ውሃ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው በዚያ ውሃ ላይ ነው።

ከ100 ዲግሪ በላይ የሚፈላ ውሃ

በምዕራፍ አራት እንደታየው፣ ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሣው እንፋሎት በላዩ የተጫነውን አየር ገፍቶ መውጣት ሲችል ነው። ንጹህ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ ይህን የሚያደርገው 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። አንዴ መፍላት ከጀመረ በኋላ እሳት ማብዛት ሙቀቱን አይጨምረውም፤ የሚጨመረው ኃይል ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት በመለወጥ ያልቃል። ሥራው ደግሞ ቀላል አይደለም። አንድ ሊትር ውሃን ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ኃይል ይልቅ፣ ያንኑ የፈላ ውሃ አትንኖ ለመጨረስ ከአምስት እጥፍ በላይ ያስፈልጋል።

እዚያው ምዕራፍ ላይ የቻርልስ ዳርዊን የድንች ታሪክ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1835 የአንዲስን ተራሮች ሲሻገር የጓደኞቹ ድንች ሌሊቱን ሙሉ ተጥዶ አድሮ፣ ጠዋትም እንደገና ፈልቶ አልበሰለም። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃው ገና ሳይግል ፈልቶ ይተናል፤ ድንቹን የሚያበስል ትኩሳት ላይ አይደርስም። ስለዚህ የመፍያውን ሙቀት ከሚወስኑት አንዱ የአየር ግፊት ነው።

ሁለተኛው ወሳኝ ውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ነው። ስኳርና ውሃ በእኩል ክብደት ተቀላቅለው ሲጣዱ ቴርሞሜትሩ 100 ላይ አይቆምም፤ ወደ 102 ገደማ ይሄዳል። ውሃው እየተነነ ስኳሩ ከመቶ 85 እጅ ሲደርስ ደግሞ ሽሮፑ ከ112 እስከ 116 ዲግሪ ባለው መካከል ይፈላል። ለምን?

በሥራ መውጫ ሰዓት የታጨቀ የከተማ አውቶቡስ ይታሰብ። አንዳንዱ ተሳፋሪ በሚቀጥለው ፌርማታ ወራጅ ነው፤ ሌላው እስከ መጨረሻው ሄያጅ ነው። በሩ አጠገብ የቆሙት ሁሉ ወራጆች ቢሆኑ፣ በሩ ክፍት በሚሆንባት አጭር ጊዜ ብዙ ሰው ይወርዳል። በሩን የያዙት በከፊል የማይወርዱ ከሆኑ ግን ያንኑ ያህል ሰው ለመውረድ ወራጆቹ ይበልጥ መግፋት አለባቸው። በድስቱ ውስጥ ወራጁ ውሃ ነው፤ የማይወርደው ስኳር ነው፤ በዚህ ሙቀት ስኳር ወደ አየር አይተንምና። የሽሮፑ ገጽ በሩ ሲሆን ሙቀት ደግሞ ግፊያው ነው። ድስት ከአውቶቡስ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ወራጁ በሄደ ቁጥር ቦታው አብሮ ይጠባል፣ በሩን የሚይዙትም ይበልጥ የማይወርዱት ይሆናሉ። ስለዚህ የቀረው ውሃ ለመውጣት ከቀድሞው የባሰ ግፊያ ይፈልጋል፤ ማለትም የመፍያው ሙቀት ከፍ እያለ ይሄዳል።

ምሳሌው የማይነግረው አንድ ነገር አለ። ስኳር በሩን በመዝጋት ብቻ አይወሰንም፤ በአጠገቡ ያለውን ውሃ ይይዘዋል። እያንዳንዱ የስኳር ሞለኪውል፣ ማለትም ስኳርነቱን ሳያጣ ሊገኝ የሚችለው የመጨረሻ ትንሽ ቅንጣት፣ ውሃን የሚስቡ ብዙ ጎኖች አሉት። ሽሮፑ በወፈረ መጠን ይህ መሳሳብ እየበረታ ስለሚሄድ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ግራሞች ለመውጣት እጅግ አስቸጋሪ ናቸው።

ይህን ጉዳይ በሥርዓት የለካው በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ፍራንሷ ማሪ ራውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ልዩ ልዩ ነገሮችን በፈሳሾች ውስጥ እያሟሟ፣ የተሟሟው ነገር በጨመረ መጠን ከፈሳሹ የሚነሣው እንፋሎት በተመጣጠነ ልክ እንደሚቀንስ አሳየ። ሕጉ በትክክል የሚሠራው ለቀጭን ውህዶች ነው፤ የቶፊ ሽሮፕ ከዚያ ወሰን በጣም ያለፈ ቢሆንም አቅጣጫው ያው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነጥብ የምዕራፉ እምብርት ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። ብዙ ሰው ቶፊ ድስት ውስጥ የተከለ ቴርሞሜትር የእሳቱን ብርታት የሚናገር ይመስለዋል። አይደለም። በሚፈላ ሽሮፕ ውስጥ ቴርሞሜትሩ የሚናገረው ስንት ውሃ እንደቀረ ነው። 116 ዲግሪ ማለት «ከመቶ ግራም ሽሮፕ ውስጥ 15 ግራም ያህል ውሃ ቀርቷል» ማለት ነው። እሳቱን እጥፍ ማድረግ ሽሮፑን በቀጥታ ወደ 120 አያዘልለውም፤ ውሃው በፍጥነት እንዲወጣ ያደርጋል፣ ሙቀቱም ውሃው በመውጣቱ ምክንያት ይወጣል። እሳት የፍጥነት ጉዳይ ነው፤ ቶፊው ምን እንደሚሆን የሚወስነው ውሃው ነው። ታዲያ እሳቱ መጠነኛ ይሁን የሚባለው ወተቱ ስላለ ነው። ወተት ከድስቱ ወለል ጋር ተጣብቆ ከቆየ ከታች ይይዛል፤ ያረረው ሽታም ከዚያ በኋላ ከድስቱ አይወጣም። ማማሰያው የማይቆመውም ለዚህ ነው።

ጣሳው አስቀድሞ የሠራው ሥራ

ትኩስ የላም ወተት ከመቶ 87 እጅ ገደማ ውሃ ነው። በእሱ ቶፊ ለመሥራት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው ያን ሁሉ ውሃ በማባረር ነው። የህንድ ጣፋጭ ሠሪዎች ወተትን በሰፊ መጥበሻ እያማሰሉ አድርቀው ኾያ የሚባለውን የሚያዘጋጁት እንዲህ ነው፤ ትዕግሥት ያለው ይሠራዋል። ኮንደንስድ ሚልክ ግን የዚህን ልፋት ትልቁን ክፍል ፋብሪካ ውስጥ ጨርሶ ይመጣል።

ይህን ያሳካው አሜሪካዊ ጌይል ቦርደን ነበር። ችግሩ ግልጽ ነው፦ ወተት በተራ ድስት ሲደርቅ ይቃጠላል፣ ይጠቁራል፣ የተቀቀለ ወተት ጣዕም ይይዛል። ቦርደን መፍትሔውን ያገኘው በኒው ዮርክ ግዛት ኒው ሌባኖን በምትባል ቦታ ከሚኖሩ ሼከርስ ከሚባሉ የሃይማኖት ማኅበረሰብ አባላት ነው። እነሱ አየሩ የተመጠጠበት ዝግ ድስት ይጠቀሙ ነበር። መሣሪያውን መጀመሪያ ለስኳር ማጣሪያ ያበጀው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቻርልስ ሃዋርድ ሲሆን ፓተንት ያገኘበት እ.ኤ.አ. በ1813 ነው። አየሩ ሲመጠጥ ግፊቱ ይወርዳል፤ ግፊቱ ሲወርድ ወተቱ 60 ዲግሪ እንኳ ሳይደርስ ይፈላል። ዳርዊንን ያስቸገረው የተራራ አየር እዚህ ጋ ጠቀመ፤ ወተቱ ሳይቃጠል ውሃውን ይለቃል። ቦርደን ለዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1856 ፓተንት አገኘ። ከ1861 እስከ 1865 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲካሄድ የሰሜኑ ጦር ትልቁ ገዢ ሆነለት።

እ.ኤ.አ. በ1866 ቻርልስና ጆርጅ ፔጅ የተባሉ ሌሎች አሜሪካውያን ወንድማማቾች በስዊዘርላንድ ቻም ከተማ የአንግሎ ስዊስ ኮንደንስድ ሚልክ ኩባንያን አቋቋሙ፤ ኩባንያው በ1905 ከኔስሌ ጋር ተዋሐደ። ዛሬ በኮሎምቦ ሱቆች «ሚልክሜይድ» ተብሎ የሚሸጠው ጣሳ የዚያ ቤት ልጅ ነው።

ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ይህ ጣሳ ሞቃት አገሮችን በቀላሉ የማረከበት ምክንያት ከምዕራፉ ዋና ነገር አይርቅም። ከክብደቱ ከመቶ 45 እጅ ገደማው የተጨመረ ስኳር ነው። ውሃ አለው፣ ከመቶ 27 እጅ ያህል። ይሁን እንጂ ያ ውሃ በስኳሩ ተይዟል። ወተት የሚያበላሹ ረቂቅ ተሕዋስያን ለመራባት ነጻ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ኮንደንስድ ሚልክ ውስጥ ሲገቡ እንዲያውም የራሳቸው ውሃ ወደ ውጭ ይሳብባቸዋል። ማር ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቀመጠው በዚሁ ምክንያት መሆኑ በምዕራፍ ሁለት ተነሥቷል። ጣሳው ከማረካቸው ሞቃት አገሮች አንዷ በሆነችው በብራዚል ከኮንደንስድ ሚልክ፣ ከካካዎና ከቅቤ የሚድበለበለው ብሪጋዴይሮ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1945 ለፕሬዚዳንትነት ከተወዳደሩት ከብሪጋዴር ኤድዋርዶ ጎሜስ ነው።

አሁን ወደ ድስቱ ሒሳብ። 400 ግራም ያህል የሚይዝ አንድ ጣሳ ውስጥ ወደ 110 ግራም ውሃ አለ። ከላይ የሚጨመረው ግማሽ ኩባያ 120 ግራም ያህል ነው። በድምሩ ድስቱ ሲጣድ 230 ግራም ገደማ ውሃ ይዟል። ቶፊው ተቆርጦ እንዲቆም ከዚህ ውስጥ 100 ግራም ያህሉ ብቻ መቅረት አለበት። ያ ሁሉ ማማሰልና ላብ፣ ያ ሁሉ የክንድ ድካም 130 ግራም ውሃ ለማስወጣት ነው፤ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም።

ከ112 እስከ 154 ዲግሪ

ጣፋጭ ሠሪዎች ይህን ጉዞ በደረጃዎች ከፍለውታል። ቁጥሮቹ በባሕር ጠለል ላይ ለሚፈላ ተራ ስኳርና ውሃ የወጡ ናቸው፤ ወተትና ቅቤ ሲገቡ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፣ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም።

ከ112 እስከ 116 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስኳሩ ከመቶ 85 እጅ ሆኗል። ውሃ ላይ ጠብ ያለው ሽሮፕ በጣት ሲያዝ ለስላሳ ድብልብል ይሠራል፤ ከውሃው ሲወጣ ግን ጠፍጠፍ ይላል። ከ118 እስከ 120 ሲሆን ድብልብሉ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፤ ስኳሩ ወደ 87 እጅ ገብቷል። ከ121 እስከ 130 ባለው ውስጥ ድብልብሉ ይጠነክራል፣ በጣት ሲጫኑት እምቢ ይላል፤ እዚህ ስኳሩ 92 እጅ ነው። ከ132 እስከ 143 ዲግሪ ሽሮፑ ውሃው ውስጥ ክር ክር ሆኖ ይዘረጋል፣ ሲያጥፉት ጎብጦ ኋላ ይሰበራል። ከ146 እስከ 154 ሲደርስ ከመቶው 99 እጅ ስኳር ሆኖ ውሃ ሲነካው ይንጣጣል፤ የቀዘቀዘው ቀጭን ክር ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንግሊዞች ቶፊ የሚሉት ጥርስ ሥር የሚሰነጠቅ ነገር የሚወለደው እዚህ ነው።

የስሪላንካው ቶፊ ግን ወደዚያ አይሄድም። የሚወርደው ከ115 እስከ 118 ዲግሪ አካባቢ ነው። ብሪጋዴይሮ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ይወርዳል፤ በእጅ የሚድበለበል ለስላሳ ሆኖ እንዲቀር ስለሚፈለግ ውሃው ይበዛለታል። በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ያለው የክብደት ልዩነት አስደናቂ ነው። ከመቶ ግራም ውስጥ 15 ግራም ውሃ ያለው ለስላሳ ነው፤ 8 ግራም ያለው ለማኘክ የሚያስቸግር ነው፤ 1 ግራም ያለው ብርጭቆ ነው።

ቀዝቃዛው ውሃ የሚጠይቀው ጥያቄ

ቴርሞሜትር የሌለበት ቤት ይህን ሁሉ የሚያውቀው በአንድ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ዘዴው ኋላ ቀር መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ የነገሩ ባሕርይ ሲታይ ግን ፍርዳቸው ትክክል አይደለም። ቴርሞሜትር የሚለካው ሙቀትን ነው፤ ከዚያ ውሃው ስንት እንደሆነ መገመት የአንባቢው ፋንታ ነው። ጠብታው ግን የምንፈልገውን ነገር በቀጥታ ይመልሳል፦ ይህ ሽሮፕ ሲቀዘቅዝ ምን ያህል ይጠነክራል? ትኩስ ሽሮፕ ሁልጊዜ ፈሳሽ ስለሆነ ዓይን ሊለየው አይችልም። ቀዝቃዛው ውሃ ጠብታውን በሰከንዶች ውስጥ አቀዝቅዞ፣ ትሪው ላይ ቆይቶ የሚመጣውን ነገር አሁን ያሳያል።

በዚህ ሥራ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ጠብታው በሚፈተንበት ጊዜ ድስቱ ከእሳት መነሣት አለበት፤ ያለዚያ ሙከራው እስኪያልቅ ውሃው መውጣቱን ይቀጥላልና የተፈተነው ሽሮፕና ድስቱ ውስጥ ያለው አንድ አይሆኑም። ሁለተኛው ስለ ቆዳ ነው። የፈላ ውሃ ቆዳ ላይ ሲፈስ ይወርዳል፤ ሽሮፕ ግን 118 ዲግሪ ሆኖ ይጣበቃል፣ እንደተጣበቀም ያቃጥላል። ልጆች ከምድጃው መራቅ አለባቸው፤ ጠብታውም በጣት የሚነካው ውሃው ውስጥ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው።

ስኳር ሲሰለፍና ሳይሰለፍ ሲቀር

የውሃው መጠን ጥንካሬውን ይወስናል፤ ፍርስርስ ማለቱን ግን ብቻውን አያብራራም። 20 ዲግሪ ላይ አንድ ግራም ውሃ ሁለት ግራም ያህል ስኳር ብቻ ማሟሟት ይችላል። ከእሳት የወረደው ቶፊ ውስጥ ግን ለአንድ ግራም ውሃ ከስድስት ግራም በላይ ስኳር አለ። ሲቀዘቅዝ ትርፉ ስኳር የግድ ከሽሮፑ መውጣት ይፈልጋል፤ ሲወጣም ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ተደርድረው ክሪስታል ይሆናሉ፤ ክሪስታል ማለት ቤት ውስጥ በስኳር እንደምናየው ያለ ጥርት ያለ ጠጣር ቅንጣት ነው።

ጥቂት ክሪስታሎች ቀስ ብለው ካደጉ ትልልቅና ምላስ ላይ የሚሻክሩ ይሆናሉ። እጅግ ብዙ ክሪስታሎች በአንድ ጊዜ ከጀመሩ አንዱም ለማደግ ቦታ አያገኝም፤ ምላስ አይለያቸውም፣ ቶፊው ለስላሳና ፍርፍር ይሆናል። ማማሰል የሚያደርገው ይህን ነው፤ ብዙ መነሻ ይፈጥራል። ስኮትላንዶች በዚሁ ኮንደንስድ ሚልክ የሚሠሩትን ታብሌት ከእሳት ካወረዱ በኋላ በኃይል የሚመቱት ለዚህ ነው። የወተቱ ፕሮቲንና ቅባት ደግሞ በስኳሮቹ መካከል እየገቡ ክሪስታሉ ከመጠን በላይ እንዳያድግ ይከላከላሉ። ሎሚ የሚጨመርባቸው ጣፋጮችም አሉ፤ አሲዱ ከፊሉን ስኳር ወደ ሁለት ልዩ ልዩ ትናንሽ ስኳሮች ስለሚሰብረው አንድ ዓይነት ሰልፍ መሥራት ያቅታቸዋል። ክሪስታል ጨርሶ ሳይሠራ ሲቀር የሚገኘው ጥርት ያለው፣ የሚሰነጠቀው ከረሜላ ነው።

ቀለሙ ከየት ይመጣል?

ተራ ስኳር ብቻውን ወደ ካራሜል የሚለወጠው 160 ዲግሪ አልፎ ነው። ኪሪ ቶፊ እዚያ አይደርስም፤ ሆኖም ወርቃማ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ይህን የሚያደርገው ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚይ ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ለውጥ ነው፦ ፕሮቲንና አንዳንድ ስኳሮች አብረው ሲሞቁ ተጣምረው አዲስ ሽታ፣ አዲስ ጣዕምና ቡናማ ቀለም ያወጣሉ። ቡና ሲቆላ የሚያውደው ሽታ ከፊሉ፣ የዳቦ ቅርፊት ቀለምም የዚሁ ሥራ ነው። ወተት ፕሮቲኑንም፣ ላክቶስ የሚባለውን ለዚህ የሚመች ስኳሩንም አብሮ ይዞ ስለሚመጣ ለውጡ 110 ዲግሪ አካባቢ በደንብ ይሄዳል። ይህ ለውጥ ለሙቀትም ለጊዜም ስሱ ነው፤ ጥቂት ዲግሪ ሲቀነስ ይዘገያል።

ከኮሎምቦ ወደ አዲስ አበባ

ቁጥሮቹ ሁሉ የባሕር ጠለል ቁጥሮች ናቸው ተብሏል። ኮሎምቦ ባሕር ዳር ናት፤ እዚያ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል። በዚያው በስሪላንካ፣ በሻይ ተራሮቿ የታወቀችው ኑዋራ ኤሊያ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ውሃዋ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮፕም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ በየደረጃው ስምንት ዲግሪ ያህል ቀደም ብሎ ይፈላል።

ጉዳዩ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። በቤይሩትና በገልፍ ከተሞች ወጥ ቤቶች የስሪላንካና የኢትዮጵያ ሴቶች ለዓመታት ሠርተዋል፤ ከእነዚህ ከተሞች አብዛኞቹ ባሕር ዳር ናቸው። ዱባይ ላይ 116 ዲግሪ ሲል የወረደ ቶፊ ጥሩ ቶፊ ነው። ይህንኑ ቁጥር ይዞ አዲስ አበባ ላይ የሚጠብቅ ሰው ሽሮፑን የሚያወርደው ከራሱ ውሃ መፍያ 24 ዲግሪ ከፍ ካለ በኋላ ነው። ያ በባሕር ጠለል ከ124 ዲግሪ ጋር የሚስተካከል ነው፤ ከመቶው 15 ግራም ሊቀርለት ይገባ የነበረው ውሃ ወደ 8 ግራም ወርዷል። ቶፊው ቢደነድን ጥፋቱ የወተቱም የእጁም አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቶፊ ከመጀመሩ በፊት በዚያው ቴርሞሜትር ንጹህ ውሃ ይፈላና ቁጥሩ ይያዛል፤ በዚህ የቴርሞሜትሩ የራሱ ስህተትም አብሮ ይታረማል። ከዚያ ለኪሪ ቶፊ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ይደመርበታል። አዲስ አበባ ላይ ከ107 እስከ 110 ይሆናል፤ የባሕር ዳር ከተማና ኑዋራ ኤሊያ ከፍታቸው ስለሚቀራረብ ከ109 እስከ 112፤ ጅቡቲ ላይ ከ115 እስከ 118። ለሚሰነጠቀው የእንግሊዝ ዓይነት ከ46 በላይ ይደመራል። የቀዝቃዛ ውሃው ጠብታ ግን የትም ቢሆን እርማት አያስፈልገውም።

ከፍታው አንድ ነገር ግን ያስከትላል። አዲስ አበባ ላይ ያው ጥንካሬ የሚገኘው በስምንት ዲግሪ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሆነ የማያር ለውጥ ይዘገያል፤ ቶፊው በጥንካሬው ልክ ሆኖ ሳለ ከኮሎምቦው ይልቅ ነጣ ይላል፣ የተጠበሰ ወተት ጣዕሙም ይቀንሳል። የቦርደን ዝግ ድስት ወተቱን ነጭ አድርጎ ያቆየው በዚሁ መንገድ ነበር። ቀለሙን የሚፈልግ ሰው ሙቀቱን መጨመር አይችልም፤ ሙቀት መጨመር ውሃ መቀነስ ነውና። የሚችለው ጊዜን መጨመር ነው፦ ከመነሻው ግማሽ ኩባያ ፈንታ አንድ ሙሉ ኩባያ ውሃ ጨምሮ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጎ፣ ያ ትርፍ ውሃ እስኪወጣ ወተቱ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲማሰል ማድረግ።